አራቱም ቀዳዳዎች በአንድነት ከተንሸራተቱ ዕቃው ይጣላል ወይስ ያልፋል?

መነሻ ጽሑፍ።

ሰላም ለመድረኩ አባላት። በአንድ አነስተኛ ማሽን ሾፕ ውስጥ የንድፍ ሥራ እሠራለሁ። ባለፈው ወር ለአንድ ደንበኛ ጊርቦክስ የሚቀመጥባቸው 24 ላሜራዎች ሠርተን ነበር። እያንዳንዱ 200 በ150 ሚሊሜትር ሆኖ 12 ሚሊሜትር ውፍረት አለው፤ ለኤም10 ቡሎን የሚሆኑ አራት ቀዳዳዎችም በ120 በ80 አራት ማዕዘን ላይ ይበሱበታል። ንድፉ የቀዳዳውን ዲያሜትር ከ11.0 እስከ 11.2 ይፈቅዳል። ከዚያ በታች ባለ ሁለት ረድፍ የቦታ ቶለራንስ ሳጥን አለ፤ ቀዳዳው ከተጻፈለት ቦታ ምን ያህል መዛነፍ እንደሚፈቀድለት የሚናገር ነው። የላይኛው ረድፍ ዲያሜትር 0.8፣ ክብ ውስጥ ያለች ኤም፣ ቀጥሎም ኤ፣ ቢ፣ ሲ ይላል። የታችኛው ዲያሜትር 0.3፣ እንደገና ክብ ውስጥ ያለች ኤም፣ ቀጥሎ ኤ እና ቢ ብቻ ይላል። ኤ ጊርቦክሱ የሚያርፍበት ገጽ ነው፤ ቢ ረጅሙ ጠርዝ፣ ሲ አጭሩ ጠርዝ ነው።

የጥራት ተቆጣጣሪያችን 0.3ን ለሁለት ከፍሎ ±0.15 አደረገውና እያንዳንዱን ቀዳዳ ከሁለቱ ጠርዞች እየለካ 23ቱን ጣላቸው። ያሳለፈው አንድ ላሜራ ብቻ ነው። ከተጣሉት የአንዱን ልክ ላስቀምጥ፦ ቀዳዳዎቹ ከተጻፈላቸው ቦታ ወደ ሲ ጠርዝ የተጠጉት በ0.25፣ በ0.28፣ በ0.22 እና በ0.26 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ወደ ቢ ጠርዝ የተጠጉት በ0.10፣ በ0.08፣ በ0.12 እና በ0.19 ነው። ዲያሜትራቸው 11.10 ነው። የመንሸራተቱን ምክንያት አግኝተነዋል፤ ላሜራው ሲቆረጥ ጠርዙ ላይ የቀረችው ስለታም የብረት ቅሪት በሊማ ሳትጠረግ ዕቃው የፍሬዛው መደገፊያ ላይ ተገፍቶ ስለታሰረ፣ አራቱም ቀዳዳዎች በአንድ አቅጣጫ ሄደዋል። በአንድ አስተሳሰር ስለተበሱ ግን እርስ በርሳቸው ያላቸው ርቀት እምብዛም አልተነካም። ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው፤ የጥራት ተቆጣጣሪው ልክ ነው ወይስ እኔ?

የውይይቱ ክር ከጠበቅሁት በላይ ስለረዘመ፣ ዘግይቶ ለሚመጣ አንባቢ እንዲመች የተሰጡትን ምላሾች እዚሁ በቁጥራቸው አሰፍራለሁ። የእኔም ጥፋት በመካከሉ ስለሚገኝ አልዘለልሁትም።

ምላሽ 1። የመጀመሪያው መላሽ በትሕትና ሰላምታ ከሰጡ በኋላ ከተቆጣጣሪው ጋር ተስማምተዋል። ጠባቡ ቁጥር 0.3 እስከሆነ ድረስ በየአቅጣጫው ±0.15 ማለት እንደሆነ፣ ለብዙ ዓመታትም በዚሁ መንገድ ሲለኩ እንደኖሩ አስረድተዋል።

ምላሽ 2። ሁለተኛው መላሽ ለቀዳሚው ያለውን አክብሮት አስቀድሞ ሒሳቡን አርሟል። ዲያሜትር 0.3 የሚለው ክብ ክልል ነው፤ ±0.15 ግን ጎኑ 0.3 የሆነ ካሬ ነው። የካሬው ማዕዘን ከመካከሉ 0.212 ይርቃል፤ የክቡ ዳር ግን 0.15 ላይ ያበቃል። ስለዚህ በ±0.15 የሚለካ ሰው ከክቡ ውጪ ያሉ ቀዳዳዎችን በማዕዘኖቹ በኩል ሳያውቅ ያሳልፋል። ክቡ ውስጥ በእርግጠኝነት የሚገባ ካሬ ከተፈለገ ±0.106 መሆን አለበት፤ ያ ደግሞ በተራው ደህና ዕቃ ይጥላል፤ ምክንያቱም የክቡ ስፋት ከዚያ ካሬ በ57 በመቶ ይበልጣል። ትክክለኛው መንገድ የሁለቱን አቅጣጫ ልዩነት እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝቶ መደመር፣ የድምሩን ካሬ ሥር ማውጣት፣ ውጤቱን በሁለት ማባዛት ነው። ይህንኑ በሰጠኋቸው ልኮች ላይ ሲሠራው የባሰው አራተኛው ቀዳዳ 0.64 ሆነ። ከላይኛው ረድፍ 0.8 በታች ስለሆነ በዚያ በኩል ዕቃው ያልፋል ብሏል።

ምላሽ 3። አሜሪካ ውስጥ በልኬት ሥራ የምትተዳደር እህት ከሒሳቡ በፊት አንድ ነገር ጠየቀች። የቦታ ምልክቱ፣ ማለትም መስቀል ያለበት ክብ፣ ለሁለቱም ረድፍ አንድ ጊዜ ነው የተጻፈው ወይስ ለእያንዳንዱ ረድፍ ለየብቻው? አንድ ጊዜ ከሆነ ሳጥኑ ኮምፖዚት ነው። ያን ጊዜ የታችኛው ረድፍ የሚገዛው ቀዳዳዎቹ እርስ በርሳቸው ያላቸውን ቦታ ብቻ ሲሆን፣ እዚያ የተደገመው ቢ ስብስቡ ከረጅሙ ጠርዝ አንጻር እንዳይዞር ይከለክላል እንጂ ከጠርዙ ያለውን ርቀት አይነካም። ሁለት ጊዜ ከተጻፈ ግን ሁለት የተለያዩ ትእዛዞች ናቸው፤ ታችኛው ረድፍም ከቢ ያለውን ርቀት በ0.3 ክልል ይይዘዋል። ፎቶ እንዳስገባ ለመነችኝ።

ምላሽ 4። የእኔ ነው። ወርክሾፕ ውስጥ የተለጠፈውን ንድፍ በስልኬ አንስቼ አስገባሁ። ምልክቱ ሁለት ጊዜ ተጽፏል።

ምላሽ 5። ፎቶውን ያየ አንድ አባል ፍርዱን ወዲያው ሰጠ። አራተኛው ቀዳዳ ከቢ አንጻር በ0.19 ስለተዛነፈ በዲያሜትር ሲቆጠር 0.38 ይሆናል፤ 0.38 ደግሞ ከ0.3 ይበልጣል። ተቆጣጣሪው በተሳሳተ መንገድ ሄዶ ትክክለኛ መልስ ላይ ደርሷል፤ ላሜራው ይጣል፤ ክሩም ይዘጋ።

ምላሽ 6። ክሩ አልተዘጋም። ስድስተኛው መላሽ ክብ ውስጥ ያለችውን ኤም ማን በላት ሲል ጀመረ። ያቺ ምልክት ቶለራንሱ 0.3 የሚሆነው ቀዳዳው በጠበበበት ልክ፣ በ11.0 ላይ ሲሆን ብቻ ነው ትላለች። ቀዳዳው በሰፋ ቁጥር ቡሎኑ የሚንቀሳቀስበት ክፍተት ስለሚጨምር፣ የጨመረው ያህል ቶለራንሱ ላይ ይታከላል። ቀዳዳው 11.10 ከሆነ ጭማሪው 0.10 ነው፤ የሚፈቀደው 0.40 ይሆናል፤ 0.38 አፋፍ ላይ ቢሆንም ያልፋል።

ምላሽ 7። ከዚህ በኋላ ድምፁ ተቀየረ። ራሱን የልኬት ክፍል ሰው ብሎ ያስተዋወቀ መላሽ፣ ቢሮ ተቀምጠው ጭማሪ የሚያድሉ ሰዎች ካሊፐር ይዘው እንደማያውቁ በመግለጽ ጀመረ። አነጋገሩ ሻካራ ቢሆንም የተናገረው ቁም ነገር ነበረው። የካሊፐር የውስጥ መንጋጋ ጫፉ ትንሽ ጠፍጣፋ ስለሆነ፣ ትንንሽ ቀዳዳዎችን ከእውነተኛ ልካቸው አሳንሶ ያነባል። በሌላ በኩል ለጭማሪው የሚቆጠረው ቀዳዳው ውስጥ በምልዓት የሚገባው ትልቁ ሲሊንደር ነው፤ ቀዳዳው ክብነቱ ከተበላሸ ያ ሲሊንደር በአንድ አቅጣጫ ከተነበበው ዲያሜትር ያንሳል። ስለዚህ 11.10 የሚለው ቁጥር በካሊፐር የተገኘ ከሆነ ስለ ሁለት መቶኛ ሚሊሜትር መከራከር ከንቱ ነው፤ በልክ ዘንግ ይፈተሽ ብሏል። በማግስቱ እንደነገረኝ አደረግሁ። ባለ 11.10 ዘንግ በአራቱም ቀዳዳዎች በቀላሉ ገባ፤ ባለ 11.12 አልገባም።

ምላሽ 8። ስድስተኛው መላሽ ተመልሶ መጣ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ እርስዎ ሲባባሉ የነበሩት ሁለቱ ሰዎች እዚህ ላይ ወደ አንተ ወረዱ። ቢሮ የተቀመጠ ሁሉ ካሊፐር አያውቅም ማለት የልኬት ክፍል ሰው ሁሉ ንድፍ ማንበብ አይችልም እንደማለት ነው ብሎ፣ የምልክቱን ትርጉም የማያውቅ ተቆጣጣሪ በዓመት ስንት ደህና ብረት ለቁርጥራጭ ገዢ እንደሚሸጥ ጠየቀ። አወያዩ ገብቶ ሁለቱንም አስጠነቀቀ።

ምላሽ 9፣ 10 እና 11። እነዚህ ከመንገድ ወጡ። አንደኛው የቦታ ቶለራንስ ሐሳብ የሚነሣው በ1930ዎቹ መጨረሻ አሌክሳንድርያ በሚገኝ የቶርፒዶ ፋብሪካ ይሠራ ከነበረው ስታንሊ ፓርከር እንደሆነ፣ እሱም በካሬ ክልል ሲለኩ የተጣሉ ዕቃዎች በተግባር እንደሚገጥሙ ማስተዋሉን አወሳ። ቀጣዩ መላሽ የግብጿ እስክንድርያ መስላው ስለ አባይ ሁለት አንቀጽ ጻፈ። ሦስተኛው ከተማዋ ስኮትላንድ ውስጥ ያለች ሌላ አሌክሳንድርያ መሆኗን ነገረውና፣ በዚያው ዴተም የሚለውን ቃል (እንደ ኤ፣ ቢ እና ሲ ልኬት የሚነሣበትን ገጽ ወይም ጠርዝ) መነሻ ገጽ ብንለው ምን ይመስላችኋል ብሎ ጠየቀ። እኔ በበኩሌ ቶርኖን፣ ፍሬዛንና ትራፓኖን ከጣሊያን ተቀብለን ያለ ቅሬታ ከኖርን ዴተምም ከብዶን አያድርም እላለሁ።

ምላሽ 12። ጀርመን የሚሠራ ወንድም ነገሩን ወደ መስመሩ መለሰው። እሱ ባለበት አገር ንድፎች የሚነበቡት በአይኤስኦ (በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት) ሥርዓት ስለሆነ፣ ይህን ሳጥን ሳያስተውሉ ወደዚያ መውሰድ አደጋ አለው። በአይኤስኦ 5458 የ2018 እትም መሠረት ከሳጥኑ በላይ አራት ጊዜ ብሎ መጻፍ ብቻውን ቀዳዳዎቹን አንድ ስብስብ አያደርጋቸውም፤ ከቶለራንሱ ቁጥር ቀጥሎ ሲዜድ የሚሉት ሁለት ፊደላት ካልተጻፉ እያንዳንዱ ቀዳዳ ለብቻው የሚጠየቅ ይሆናል። ምልክቱን አንዴ በመጻፍና ሁለቴ በመጻፍ መካከል ያለው ልዩነትም የአሜሪካው ኤኤስኤምኢ ዋይ14.5 ሥርዓት ነው። አይኤስኦ ዴተሙ አቅጣጫን ብቻ እንዲገዛ ሲፈልግ ከዴተሙ ፊደል ቀጥሎ ጫፍ ለጫፍ የተገናኙ ሁለት የቀስት ራሶችን ይጽፋል። ስለዚህ የትኛው ሥርዓት በንድፉ ግርጌ እንደተጠቀሰ ሳይታወቅ የተሰጠ ፍርድ ሁሉ፣ የምላሽ 5ን ጨምሮ፣ ግምት ነው ብሏል።

ምላሽ 13። እኔ ነኝ፤ ይህን ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። የሥርዓቱን ስም ለመፈለግ ደንበኛው መጀመሪያ የላከውን ንድፍ ከኢሜይል አወጣሁ። ግርጌው ኤኤስኤምኢ ዋይ14.5 የ2009 እትም ይላል። ሳጥኑን ሳየው ግን ምልክቱ የተጻፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ቁመቱ ሁለቱንም ረድፍ ይይዛል። ወርክሾፕ የተለጠፈው ኮፒ የደንበኛው ሳይሆን፣ መስመሮቹ ደብዝዘው ስለነበር በኮምፒውተር እንደገና የተሳለ ነው። እንደገና የሳለው ደግሞ እኔው ነኝ። ሶፍትዌሩ ሁለት ሳጥን ደራርቦ ሲሰጠኝ ተመሳሳይ መስሎኝ ተቀበልሁት። በትክክለኛው ንድፍ መሠረት የጠርዝ ርቀት ጥያቄ ያለው በላይኛው 0.8 ውስጥ ብቻ ነው። አራቱን ቀዳዳዎች እንደ አንድ ስብስብ ወስጄ የጋራ መንሸራተቱን ሳወጣለት የቀረው የባሰ መዛነፍ በዲያሜትር 0.14 አልሞላም፤ ያለ ምንም ጭማሪ ከ0.3 ግማሽ በታች ነው።

ምላሽ 14። አምስተኛው መላሽ ለፍርዱ ይቅርታ ሳይጠይቅ፣ የንድፍ ባለሙያ ምልክት ሲያበላሽ የሚከፍለው ፍሬዛው ላይ የቆመው ሰው እንደሆነ ጽፎ ሄደ። የምመልሰው ስላልነበረኝ አልመለስሁም።

ምላሽ 15። አንድ አንጋፋ መካኒክ ወደ ውሃ ፓምፕ ወሰዱን። ፍላንጁ፣ ማለትም ቧንቧ በቡሎን የሚታሰርበት ክብ ሳህን፣ ዲኤን100 ፒኤን16 የሚባለው መጠን ነው፤ 180 ሚሊሜትር ክብ ላይ 18 ሚሊሜትር የሆኑ ስምንት ቀዳዳዎች አሉት፤ ቡሎኑ ኤም16 ነው። ምትኩን የሠራው ልጅ ክቡን በኮምፓስ እየረገጠ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ምልክት አደረገ። ከአንዱ መካከል ወደ ቀጣዩ መካከል መሆን የነበረበት 68.88 ሚሊሜትር ነው፤ ኮምፓሱ በግማሽ ሚሊሜትር ያህል ሰፍቶ ስለነበር ስህተቷ በየእርምጃው እየተደመረች ስምንተኛው ቀዳዳ ላይ 3.5 ሚሊሜትር ሆነች። የመጀመሪያውን ቡሎን አስገብተው ሲቀጥሉ አምስት ገቡ፣ ሦስቱ እምቢ አሉ። ሦስቱን በክብ ሊማ ሲሞርዱ ዋሉ። ርቀትን ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ እየቀጣጠሉ መጻፍ ምን እንደሚያስከትል ከዚያ ቀን በኋላ ለማንም ማስረዳት አላስፈለጋቸውም።

ምላሽ 16። የጀርመኑ ወንድም ታሪኩን አድንቆ አንድ ነገር ጨመረበት። ቡሎኖቹን ከማጥበቅ በፊት ፍላንጁን ወደ ኋላ በ1.75 ሚሊሜትር ያህል ቢያዞሩት ኖሮ ስህተቱ ለሁለቱም ጫፍ ይከፈል ነበር፤ ክፍተቱ 2 ሚሊሜትር ስለሆነ ስምንቱም ያለ ሊማ ይገቡ ነበር። መካኒኩ ለዚህ የሰጡት መልስ አንድ መስመር ነው፤ ያኔ የት ነበርህ ብለውታል።

ምላሽ 17። ከአሜሪካ የጻፈችው እህት ተመልሳ 0.3 ከየት እንደመጣ አሰላች። ቡሎኑ በላሜራው አልፎ ጊርቦክሱ ላይ ባለ ጥርስ ቀዳዳ ውስጥ ስለሚታሰር ወዲህ ወዲያ የማለት ነጻነቱ ከላሜራው ብቻ ነው የሚገኘው። ቀዳዳው በጠበበበት ልክ 11 ነው፤ ቡሎኑ 10 ነው፤ የቀረችው 1 ሚሊሜትር ለሁለቱ ዕቃዎች ትከፈላለች። ንድፉን የሠራው ሰው ለላሜራው 0.3 ሰጥቶ 0.7ቱን ለጊርቦክሱ ጥርስ ቀዳዳዎች ያስቀረ ይመስላል፤ ጥርስ ቀዳዳ ትንሽ ካዘመመ ቡሎኑ ላሜራው ውስጥ የሚያልፍበት ቦታ ይበልጥ ስለሚርቅ ይህ አከፋፈል ተገቢ ነው ብላለች። ጊርቦክሱ ከላሜራው ጠርዝ ግማሽ ሚሊሜትር ቢጠጋ ግን የሚጎዳው የለም። 0.8 ሰፊ የሆነው ለዚህ ነው።

ምላሽ 18። የልኬት ክፍሉ ሰው ቁጣው በርዶ መጣ። ሃያ አራቱንም በወረቀት ከማስላት አንድ ጌጅ ሥሩ አለ። ከ11.0 ላይ 0.3 ሲቀነስ 10.7 ይመጣል፤ ባለ 10.7 ዲያሜትር አራት ዘንጎችን በትክክለኛው 120 በ80 ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ፤ ላሜራውን በኤ ገጹ አሳርፉት፤ ረጅሙ ጠርዝ ከጌጁ መስመር ጋር ትይዩ ሆኖ ወዲህና ወዲያ እንዲንሸራተት ፍቀዱለት። ከገባ የታችኛው ረድፍ ተሟልቷል። ጭማሪውን ዘንጎቹ ራሳቸው ያሰሉታል፤ ምክንያቱም ሰፊ ቀዳዳ በራሱ ሰፊ ክፍተት አለው። የቀዳዳው ዲያሜትርና የላይኛው ረድፍ ግን ለየብቻቸው ይለካሉ።

ምላሽ 19። ለ24 ላሜራ ጌጅ የሚሠራ ሀብታም ብቻ ነው ብሎ የተሳለቀ ነበር። ስድስተኛው መላሽ፣ የሚገርመው፣ የልኬት ክፍሉን ሰው ደግፎ 23 ላሜራ ከመጣል አራት ዘንግ ቶርኖ ላይ ማውጣት እንደሚረክስ ጻፈ። እርስዎ ወደመባባልም ተመልሰዋል።

ምላሽ 20። እኔ ነኝ። ጌጁን በአንድ ከሰዓት ሠራነው። የተጣሉትን 23 ላሜራዎች ባለፍሬዛው ራሱ አንድ በአንድ አሳረፋቸው፤ ሁሉም ገቡ። የላይኛውንም ረድፍ በምላሽ 2 ቀመር ለካን፤ ከ0.8 ያለፈ የለም። በመጨረሻ ተቆጣጣሪው ያሳለፈውን አንዱን ላሜራ አመጣን። ሦስት ዘንጎች ገብተው አራተኛው የቀዳዳው አፍ ላይ ቆመ፤ ብንገፋውም ብናዞረውም አልወረደም።

ባለፍሬዛው ላሜራውን ሲያየው አስታወሰ። ሁለት ቀዳዳ ከበሳ በኋላ መብራት ጠፍቶ፣ በማግስቱ አዲስ ፑንታ አድርጎ ላሜራውን እንደገና አስሮ ነው የጨረሰው። ሁለቱ ቀዳዳዎች በሁለቱም አቅጣጫ 0.14 ወደ አንድ ወገን፣ ሁለቱ 0.15 እና 0.14 ወደ ተቃራኒው ወገን ሄደዋል። እያንዳንዱ በተቆጣጣሪው ±0.15 ውስጥ ነው። እርስ በርሳቸው ሲታዩ ግን በዲያሜትር 0.40 ይሆናሉ። አዲሱን ፑንታ ያገኙት ሁለቱ ቀዳዳዎች 11.04 ብቻ ስለሆኑ የሚፈቀድላቸው 0.34 ነው። ምላሽ 2 ስለ ካሬው ማዕዘን የጻፈው ይኸው መሆኑን ተቆጣጣሪው ራሱ ነው ያስተዋለው።

ምላሽ 21። መካኒኩ ላሜራው አይጣል አሉ። ንድፉ ቀዳዳውን እስከ 11.2 ይፈቅዳል አይደል? አስፉት፤ ቡሎኑ የሚፈልገው ቦታ ነው።

ምላሽ 22። አራቱንም ቀዳዳዎች መካከላቸውን ሳንለቅ 11.16 አደረስናቸው። የሚፈቀደው 0.46 ሆነ። ላሜራው ጌጁ ላይ ሲያርፍ አራቱም ዘንጎች ወጡበት። ወርክሾፕ የተለጠፈውን ኮፒ ቀድጄ የደንበኛውን ንድፍ አሳድጌ አትሜ በቦታው ለጥፌያለሁ።